በአቡጀዲ ላይ የታተሙ ስሞች

አንዲት ሴት ነበረች። በአንድ የወረዳ ከተማ፣ ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ ባለው ሰፈር የምትኖር፣ ጡረታ የወጣች ሴት። ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጣ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናዋን ታንቀሳቅሳለች።

ምን ትሰፋለች? ቀሚስ አይደለም። መጋረጃም አይደለም። የከተማው ልብስ ሰፊዎች ቆርጠው የጣሉትን ቁርጥራጭ በማዳበሪያ ከረጢት እየሰበሰበች ታመጣለች። ታጥበዋለች፣ ትተኩሰዋለች፣ አራት ማዕዘን አድርጋ ትቆርጠዋለች። ከዚያ ቀዩን ከሰማያዊው፣ አበባውን ከሰንበሩ እያጋጠመች ትንንሽ ብርድ ልብስ ትሠራለች።

እናንተ ድሪቶ ትሉት ይሆናል። ሰፈርተኛውም መጀመሪያ እንደዚያው ነበር የሚለው። "ዳርምየለሽ በጡረታዋ ድሪቶ መስፋት ጀመረች" ይባል ነበር። ስሟ ዳርምየለሽ ነው።

ለማን ነው የምትሰፋው? ጊዜያቸው ሳይደርስ ለሚወለዱ ሕፃናት ነው። ወገኖቼ፣ ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ከመዳፋችሁ ላይ ብታስተኙት እግሩ ክርናችሁ ጋ አይደርስም። ቆዳው ስስ ከመሆኑ የተነሣ ከሥሩ የሚሮጠው ደም ይታያል። ጣቱን ዘርግታችሁ ስታዩ ጥፍር አለው። የጤፍ ቅንጣት ታህላለች፤ ግን ጥፍር ናት! ማን ቀረጻት? በየትኛው ብርሃን፣ በየትኛው መሣሪያ? እነሱ የሚተኙበት የሆስፒታሉ ክፍል ገብቶ በልቡ ጫማውን የማያወልቅ ሰው የለም።

እንግዲህ ዳርምየለሽ ብርድ ልብሶቹን እየሰፋች ለዚያ ክፍል ትሰጥ ነበር። አንድ ቀን የክፍሉ ነርስ ሲስተር ፋናዬ እንዲህ አለቻት፦

"እማማ ዳርምዬ፣ እግዜር ይስጥልን። ግን አንድ ችግር ገጠመን።"

"ምን ገጠማችሁ?"

"ለእጥበት ሲሄዱ ይቀያየራሉ። እናቶቹ 'የኔ ልጅ ቀዩ ነው፣ የኔ ልጅ ባለ አበባው ነው' እያሉ ይጣላሉ። ትናንት ሁለቱ ከአልጋ ወርደው ሊናነቁ ነበር። ምነው ስም ቢኖርበት?"

ዳርምየለሽ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በመርፌና በክር ስም እንዳትጠልፍ ዓይኗ ደክሟል። በእስክርቢቶ ብትጽፈው በመጀመሪያው እጥበት ይለቃል። ይህንን ለባሏ ነገረችው።

ባሏ አቶ ዘርጋው ይባላል። ዕድሜውን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ይዞ የኖረ ሰው ነው። የከተማዋን የሠርግ ጥሪ ሁሉ ያተመ እሱ ነው። ጉልበቱ ሲደክም ሱቁን ዘጋና አንዱን ፕሪንተር ከነኮምፒውተሩ ቤቱ አምጥቶ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ አስቀመጠው። ዝምተኛ ሰው ነው። ሰላም ስትሉት ባርኔጣውን ያነሣል እንጂ ብዙ አይናገርም።

ሸሚዛችሁ አንገት ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ የፋብሪካው ስም የተጻፈባት ትንሽ ጨርቅ ተሰፍታለች አይደል? ዳርምየለሽ የፈለገችው እንደዚያች ያለ ነበር።

"ጨርቅ ወረቀት ቢሆን ኖሮ አትምልሽ ነበር" አላት ዘርጋው።

"ታዲያ ወረቀት አድርገዋ!" አለችው።

ሳቀ። በማግሥቱ ግን ነጭ አቡጀዲ ገዝቶ መጣ።

የመጀመሪያውን ፕሪንተሩ ዋጠው። ጥርሱ ውስጥ ክር ተጠምጥሞ ዘርጋው ግማሽ ቀን በጉጠት ሲነቅል ዋለ። ሁለተኛው ተጨማደደ። ከዚያ ዳርምየለሽ አቡጀዲውን በስታርች ነክራ፣ አድርቃ፣ እንደ ብራና ቀጥ እስኪል ተኮሰችው። ዘርጋው በወረቀት ልክ ቆርጦ በወፍራም ወረቀት ላይ ለጠፈው። መጀመሪያ የሚገባውን ጠርዝ በፕላስተር አሸገው። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ቆሙ። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ሳበ፣ ገፋ፤ አቡጀዲው ስም ይዞ ወጣ። ባልና ሚስቱ እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

ሲያጥቡት ለቀቀ። ውኃው ሰማያዊ ሆነ፣ ጨርቁ ነጭ ሆነ። አንድ ሰው አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት አላቸው፤ ዘፈዘፉት፤ ቤቱ የሰላጣ ሳህን ሳህን እየሸተተ ከረመ። ትንሽ ያዘ እንጂ ሆስፒታሉ የሚያጥብበትን በረኪና አልቻለም። በመጨረሻ ዘርጋው የድሮ ደንበኞቹን አጠያይቆ ውኃ የማይፈራ ቀለም ከአዲስ አበባ አስመጣ። አተሙ፣ በጋለ ካውያ ተኮሱ፣ አጠቡ። ስሙ ቆመ። ደግመው አጠቡ። አሁንም ቆመ።

አሁን ወደ ነገሩ እየገባሁ ነውና ስሙኝ።

ሲስተር ፋናዬ የሕፃናቱን ስም በስልክ አነበበችላቸው፤ ዘርጋው እየሰማ ጻፈ። "የእልፍነሽ ልጅ። የከድጃ ልጅ። የውባለም ልጅ።" መጻፉን አቆመና ሚስቱን ቀና ብሎ አያት።

"ዳርምዬ፣ እዚህ ውስጥ እኮ የማንም ሕፃን ስም የለም። ያለው የእናቶቹ ስም ነው።"

ሲስተርን ጠየቋት። "ገና አልወጣላቸውም" አለች። "እናቶቹ ይፈራሉ። ይኑር አይኑር ሳይታወቅ ስም ማውጣት ይከብዳቸዋል። እኛም አንጠይቅም።"

"እኔ ብጠይቃቸውስ?" አለች ዳርምየለሽ።

"ይጠይቋቸው እስቲ። እርስዎን እሺ ይላሉ።"

እናም መጠየቅ ጀመረች። በየአልጋው ጫፍ እየተቀመጠች፣ ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ "ልጄ፣ ማን ብለን እናትመው?" ትላለች። አንዷ አሰብ አድርጋ ትነግራታለች። ሌላዋ ስልክ አንሥታ ባሏን "ቶሎ በል፣ አሁኑኑ ሊያትሙት ነው!" እያለች ትጨቀጭቀዋለች። እናትና አማት በስም ተጣልተው ክፍሉን ያሳቁበት ቀንም ነበረ። በሚያለቅሱበት ክፍል ሣቅ ተሰማ።

አንዲት እናት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር።

አገሬ ትባላለች። ከገጠር በሰው ሸክም የመጣች ልጅ እግር ሴት ናት። መንታ ነበር የወለደችው። ሴቷ በተወለደች ዕለት ሞተች። ወንዱ በሕፃናቱ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ነው። ሲስተር "ደረትሽ ላይ እናስተኛው፣ ገላው ገላሽን ሲነካ ይበረታል" ብትላት፣ ብትለምናት፣ እምቢ አለች። ወተቷን አልባ ትሰጣለች፤ ልጁን ግን አታየውም።

ዳርምየለሽ አልጋዋ ጫፍ ተቀመጠች። "ልጄ፣ ማን ብለን እናትመው?"

"ስም የለውም።"

"ቢወጣለትስ?"

አገሬ ከግድግዳው ዞር ሳትል እንዲህ አለች፦ "እማማ፣ ይተዉኝ። ስም ያላወጡለትን አይጠሩትም። ያልጠሩትን ደግሞ አይናፍቁትም።"

ዳርምየለሽ ብርድ ልብሱን አጠፈች። የልጅቷን ትከሻ እያየች ቆየች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ልጄ፣ ይናፍቃል" አለቻት።

አገሬ አንገቷን መለስ አደረገች። "እርስዎ በምን አወቁ?"

ወገኖቼ፣ ዳርምየለሽ ለማንም ሰው ተናግራው የማታውቀውን ነገር ለዚያች ለማታውቃት ልጅ ተናገረች።

"እኔም እዚሁ ነው የወለድኩት። እንዳንቺ ልጅ ሳለሁ። ሴት ናት አሉኝ። አላሳዩኝም፣ በአንሶላ ጠቅልለው ወሰዷት። ወንዶቹ ሄደው ቀበሯት። ሴቶቹ ደግሞ አጥሚት ይዘውልኝ መጡና 'አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ' አሉኝ። አልወለድኩም። ከዚያ ወዲያ አልወለድኩም።"

"ስሟ ማን ነበር?"

"ስም አልነበራትም። የጠየቀኝ አልነበረም። ግን የሌላ ሰው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የኔም ትገባ ነበር እላለሁ። የሌላ ሰው ልጅ ስትዳር የኔም ትዳር ነበር እላለሁ። ስም ስለሌላት የምላት የለኝም። 'እሷ' ነው የምላት። ይናፍቃል ልጄ። ስም የሌለውን መናፈቅ የባሰ ነው፤ መያዣ የለውም።"

ተነሥታ ሄደች። ብርድ ልብሱን አልጋው ጫፍ ላይ ተወችው።

በማግሥቱ ሲስተር ፋናዬ ደወለችላት። "እማማ፣ ይምጡ። አገሬ ትፈልግዎታለች።"

ስትገባ አገሬ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ ወደ በሩ ነው።

"አለልኝ በሉት" አለች። "እስካሁን አለልኝ አይደል? አለልኝ።"

ይህንን ብላ እጇን ዘረጋች። ሲስተር ልጁን ከማሞቂያው አውጥታ፣ ገመዱን ሁሉ አስተካክላ፣ ደረቷ ላይ አስተኛችላት። ያቺ የዱባ ፍሬ የምታህል ጆሮ የእናቱ ልብ ላይ ተለጠፈች። ሲስተር ፋናዬ ስንቱን ያየች ሴት ናት፤ ግን ወደ መስኮቱ ዞራ ቆመች።

አገሬ ቀና አለች። "እማማ፣ ለሞተችውስ ይሠራል?"

"ምኑ ልጄ?"

"ስሟ። ብርድ ልብሱ አያስፈልጋትም፣ አፈር ለብሳለች። ስሟን ብቻ ነው የምፈልገው። በእናቴ ስም ትርንጎ በሉልኝ።"

ዳርምየለሽ እንዴት ወደ ቤቷ እንደሄደች አታስታውስም። ዘርጋው ፕሪንተሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አቡጀዲው ተተኩሶ ተዘጋጅቷል።

"አለልኝ ብለህ ጻፍ" አለችው። ጻፈ።

"ትርንጎ ብለህ ጻፍ።" ጻፈ። አንድ አቡጀዲ ብዙ ስም ይይዛልና ከሥር ገና ሰፊ ቦታ ነበረ።

"ሌላስ?" አላት።

 ዞሮ አያት። ካውያውን ይዛ ቆማለች።

"አንድ ጨምርልኝ።"

"የማን?"

"የኛን።"

ዘርጋው እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሣ። ያን ሁሉ ዘመን፣ በአንድ አልጋ ተኝተው፣ ከአንድ ገበታ በልተው፣ አንዲት ቀን እንኳ ስለዚያች ልጅ ተነጋግረው አያውቁም። እሷ እሱ ረስቷል ብላ ነበር። ወንድ አይደል፤ ሥራው ውስጥ ገብቶ ረሳት ብላ ነበር። በልቧም ቂም ብጤ ይዛ ኖራለች።

"ስም አላወጣንላትም" አለች።  "ያቺ ልጅ ከገጠር መጥታ ለሞተችው ልጇ ስም አወጣች። እኛ ምን ሆነን ነው? ዛሬ እናውጣላት። አርጅተናል ዘርጋው። ስም ሳይኖራት እኛ ሁለታችን ብንሞት፣ መኖሯን ማን ያውቃል?"

ዘርጋው ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። ከዚያ፣ "ስም አላት" አለ።

"ምን አልክ?"

"ስም አላት፣ ዳርምዬ።"

ካውያውን አስቀመጠች።

"ያን ቀን ጠቅልለው ሰጡኝ" አለ። "ወንዶቹ 'እኛ እንያዛት፣ አንተ አትይ' አሉኝ። አልሰጠኋቸውም። በጋሪ ነው የሄድነው። መንገድ ላይ አንሶላውን ገለጥ አድርጌ አየኋት። አንቺን ነው የምትመስለው። ግንባሯ ያንቺ ነው። ፀሐይ ሲያርፍባት መልኳ የማር ወለላ መሰለኝ። ይቺን እንዴት ዝም ብዬ ለአፈር እሰጣለሁ? ዕቃ ናት? ወለላ አልኳት። ጆሮዋ ላይ ነገርኳት። 'ስምሽ ወለላ ነው፣ እኔ አባትሽ ነኝ' አልኳት። ከዚያ ነው የሰጠኋቸው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጋ ላይ ነበርሽ። ስገባ ፊትሽን አዞርሽ። ብነግርሽ ቁስልሽን የምጎረጉር መሰለኝ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ዓመት ሄደ። አንቺም ዝም አልሽ፤ ተጽናናች፣ አልነካካት አልኩ። ሰዎች 'ልጅ አለህ ወይ?' ሲሉኝ አፌ 'የለኝም' ይላል። ልቤ 'ወለላ' ይላል። አንድም ቀን ሳልጠራት ውዬ አላውቅም።"

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኔ ይህንን ታሪክ ከራሳቸው አፍ ስሰማ ቆም ብያለሁና።

እናትየው ልጄ ስም የላትም እያለች አረጀች። የሌላውን ልጅ ሁሉ ስም ስታትም የራሷን ልጅ ስም የለሽ ናት ብላ ታለቅስ ነበር። ያ ሁሉ ዘመን ግን ልጅቷ ስም ነበራት! አባቷ ያውቀዋል። አባቷ አውጥቶታል። አባቷ ጆሮዋ ላይ ነግሯታል። እናቷ ስላልሰማች ስሙ አልጠፋም። ሰፈርተኛው ስላላወቀ ስሙ አልጠፋም። በአባቷ ልብ ውስጥ በየቀኑ ይጠራ ነበር።

ዘርጋው ወደ ቁልፎቹ ተመለሰ። ዕድሜውን ሁሉ ስም ሲጽፍ የኖረ ጣት ፊደል ጠፋው። "ወ" አለ። ቆመ። "ለ" አለ። እንደገና "ለ"፤ ከዚያም "ላ" አለ። አጠፋና እንደገና ጻፈው፣ አንድ "ለ" አብዝቶ ነበርና። ከስሟ ቀጥሎ የራሱን ስም ጨመረ፦ ወለላ ዘርጋው። ማሽኑ አጉረመረመ። አቡጀዲው ቀስ እያለ ወጣ፤ አለልኝ፣ ትርንጎ፣ ወለላ። ሦስቱም በአንድ ጨርቅ ላይ።

ዳርምየለሽ እጇን ዘርግታ ተቀበለችው። ቀለሙ ገና አልደረቀም። "ወለላ" ብላ አነበበች። የወለደቻትን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ጠራቻት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እንደ ወላድ አለቀሰች። ዘርጋው እግሯ ሥር ተንበርክኮ አብሯት አለቀሰ። ያን ያህል ዘመን ለየብቻ ያለቀሱት ሰዎች አንድ ላይ አለቀሱ።

ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ መጣ። "ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?"

"ልጃችን ሞታ" አለች ዳርምየለሽ። "ወለላ።"

ሰዎቹ ግራ ገባቸው፤ ከዚያ ገባቸው። ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? ማንም 'አሁን ምን ዋጋ አለው' አላለም። እድርተኛው አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ለቅሶ ተቀመጡ! እኔም ተጠርቼ ሄጄ ነበር፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። አንዲት አሮጊት፣ እትዬ ጌጤነሽ የሚባሉ፣ ሰው ደግፏቸው ገቡና ዳርምየለሽን አቅፈው እንዲህ አሉ፦ "ያኔ አጥሚት ይዤ መጥቼ 'ትወልጃለሽ' ያልኩሽ እኔ ነኝ። ማጽናናት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ልጅሽን ላለቅስላት መጥቻለሁ። ወለላዬ!" ብለው አለቀሱ። ቤቱ ሁሉ አለቀሰ።

እኔ ብዙ ለቅሶ ደርሻለሁ ወገኖቼ፤ ሥራዬ ነው። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ግን አላየሁም። ቃል ይዤ ሄጄ ነበር፤ አልተናገርኩትም። እግዚአብሔር እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የነበረ መሰለኝ፤ በእሱ ፊት ደግሞ አፍ አይከፈትም።

አለልኝስ? አለ። ስም ስለወጣለት ዳነ አልላችሁም። ስም ወጥቶላቸው፣ ታትሞላቸው፣ ተሰፍቶላቸው የሄዱ ሕፃናት አሉ፤ እናቶቻቸው ስማቸውን እየጠሩ ቀብረዋቸዋል። አለልኝ ግን እናቱ ደረት ላይ ከረመ፣ ወፈረ፣ አገሩ ገባ። አገሬ ልትወጣ ስትል ሁለቱን ስሞች በአንድ ብርድ ልብስ ላይ ጎን ለጎን አሰፋቻቸው። "ማሕፀኔ ውስጥ እንደዚህ ነበሩ" አለች።

የወለላን ብርድ ልብስ ደግሞ ባልና ሚስቱ አብረው ሠሩት። መርፌ ነክቶ የማያውቀው ዘርጋው ጨርቅ መረጠ። ቢጫ ነው የመረጠው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ ከፊቴ የተቀመጣችሁ፣ ውስጣችሁ 'እኔን ማንም አያውቀኝም' የሚል ስንት ናችሁ? በሥራ ቦታችሁ ቁጥር ናችሁ። በተከራያችሁበት ግቢ 'የጓዳዋ ልጅ'፣ 'የሰርቪሱ ሰውዬ' ናችሁ። የእገሌ ሚስት፣ የእገሊት ልጅ እየተባላችሁ የራሳችሁን ስም ከሰው አፍ ከሰማችሁ የቆያችሁ ናችሁ። ጸልያችሁ መልስ ስላጣችሁ፣ እግዚአብሔር ዝም ስላለ፣ 'ረስቶኛል' ብላችሁ በልባችሁ ቂም የያዛችሁ አላችሁ። ዳርምየለሽም እኮ የባሏን ዝምታ መርሳት መስሏት ነበር!

ምን ታውቃላችሁ? ዝም ያለው አባት ስንት ጊዜ እንደጠራችሁ ምን ታውቃላችሁ? የጤፍ ቅንጣት የምታህለውን ጥፍር በጨለማ የቀረጸ አምላክ፣ የጥፍሩን ባለቤት ሳያውቅ ነው የቀረጻት? እናታችሁ መፀነሷን ሳታውቅ እሱ ያውቃችሁ ነበር። ሰው ሁሉ 'የእገሊት ልጅ' ሲላችሁ እሱ ጆሯችሁ ላይ ሌላ ስም ነግሯችኋል። አልሰማችሁ ይሆናል። ስሙ ግን አለ። ይህ አያስፈራም? ይህ አያስደንቅም? እኔ ይህንን ሳስብ መቆሚያ አጣለሁ።

ባልና ሚስት ሆናችሁ ይህንን የምትሰሙ ደግሞ፣ በመካከላችሁ የማይነካ ነገር የለም? 'እንዳይከፋት' ብለህ የዋጥከው፣ 'ረስቶታል' ብለሽ የቀበርሽው የለም? ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ምሳውን ከማቅረባችሁ በፊት ጠይቁ። 'ያኔ አንተ ምን ተሰማህ?' በሉ። 'ያኔ አንቺ ማን ብለሻት ነበር?' በሉ። ምን እንደምትሰሙ አታውቁም።

አሁን መዝሙር አንዘምርም። ዝም እንበል። እያንዳንዳችሁ ሰው ስሙን መጥራት የተወውን አንድ ሰው አስቡ። ያልኖረ ሕፃን ይሁን፣ የጠፋ ወንድም ይሁን፣ ከቤት የተባረረች እህት ትሁን። ስሙን ድምፅ አውጥታችሁ ጥሩት። ስም ካልነበረው ዛሬ አውጡለት። ሌላው ይሰማኛል ብላችሁ አትፈሩ፤ የሚሰማው አባት ስሙን ቀድሞ ያውቀዋል።

እኔ ልጀምር። ከኔ በታች የተወለደ፣ ዳዴ ሳይል የሞተ ወንድም ነበረኝ። ቤታችን ውስጥ ማንም አያነሣውም።

አንዳርጌ ይባላል።

እናንተስ?